በቤዝ ብቻ፦ የመጀመሪያ የጃዝ ስታንዳርድ አልበሜን ጅማ ላይ እንዴት እንደሠራሁት

ጅማ ተቀምጬ የአሜሪካ የጃዝ ስታንዳርዶች አልበም ሠራሁ ስል ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ስቱዲዮው ነው። የት ቀረጽሽው? በምን ማይክ? ማን ሚክስ አደረገው? እሱንም እጽፋለሁ። ከእኔ በኋላ ለሚሞክር ድምፃዊ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ፣ ከሁሉ በፊት የምለው ግን ሌላ ነው። ዘፈኑን ከአንድ ቤዝ ጊታር ጋር ብቻ፣ ያለ ኪቦርድና ያለ ድራም፣ ከዳር እስከ ዳር መዝፈን ሳትችሉ ቀረጻ አትጀምሩ።

እኔ ድምፄን ያሟሸሁት በሰርግ ባንድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ፣ አልፎ አልፎ ማታ ሆቴል፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀያየርን። ጃዝ ልዘፍን ነው ስል ጅማ ላይ የማይቀር መልስ አለ፦ «የሙላቱ አገር ልጅ አይደለሽ!» እውነት ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው ጅማ ነው። ግን የከተማው ልጅ መሆን ስታንዳርድ ለመዝፈን ብዙም አያግዝም፤ ሥራው የተለየ ነው። ኢትዮ ጃዝ የእኛን ቅኝት ይዞ ከሥሩ የውጭ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) እና የላቲን ሪትም ያስገባል፤ አብዛኛው በመሣሪያ ብቻ የሚጫወቱት ነው። ስታንዳርድ የሚባሉት ደግሞ በብዛት እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ለብሮድዌይ ቲያትርና ለፊልም የተጻፉ ዘፈኖች ናቸው። ብዙዎቹ 32 ባር (ባር ማለት በብዛት አራት ምት የያዘ ክፍል ነው) አላቸው። ስምንት ባር ዜማ፣ ያው ዜማ ሲደገም ስምንት፣ ብሪጅ የሚባለው የተለየ ክፍል ስምንት፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ዜማ ተመልሶ ስምንት።

ችግሩ ያለው ብሪጁ ላይ ነው። ትዝታ ሜጀርን ውሰዱ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ። ፋ የለም፣ ቲ የለም፤ ስለዚህ ግማሽ ድምፅ የሚባለው ነገር፣ እንደ ሚና ፋ ወይም እንደ ቲና ዶ ያለው ጠባብ ርቀት፣ ውስጡ አይገኝም። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግማሽ ድምፅ አላቸው፤ ቢሆንም እነሱም አምስት ኖታቸውን ይዘው የጀመሩበት ቤት ይጨርሳሉ። በዚህ ያደገ ጉሮሮ ቲ ላይ ቁም ሲሉት አይቆምም። ወይ ወደ ዶ ይሸሻል፣ ወይ ወደ ላ ይወርዳል። ሰርግ ላይ ማንም አያስተውለውም፤ እንዲያውም ያምራል። ስታንዳርድ ላይ ግን ያቺ የሸሸችው ኖታ ብዙ ጊዜ ኮርዱ ሜጀር ይሁን ማይነር፣ ዘፈኑ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የምትናገረው ኖታ ናት።

ኪቦርድ እየተጫወተ ስትለማመዱ ይህ አይሰማችሁም። ኪቦርዲስቱ ኮርዱን ሙሉ በሙሉ ስለሚሞላው ኖታችሁ ብትንሸራተትም ይሸፈናል። ቤዝ ብቻ ሲሆን መሸፈኛ የለም። እሱ የሚሰጣችሁ የኮርዱን ሥር ብቻ ነው፤ ቀሪውን ኮርድ በጆሯችሁ ሞልታችሁ ዜማውን ከላይ የምታስቀምጡት እናንተ ናችሁ።

ቤዝ የሚጫወቱልኝ በደርግ ጊዜ ኪነት ቡድን ውስጥ የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ከሁሉ ያስቸገረን «ቦዲ ኤንድ ሶውል» ነበር። ይህን ዘፈን ጃዝ ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ በዲ ፍላት ኪይ ይጫወቱታል (ኪይ ማለት ዘፈኑ ቤቱ የሚያደርገው ኖታ ነው)፤ ብሪጁ ሲደርስ በግማሽ ድምፅ ወጥቶ ዲ ሜጀር ይገባል፣ ከዚያ ወደ ሲ ይወርዳል። ለእኔ ድምፅ ወደ ኤ ፍላት አወረድነው፤ ስለዚህ ብሪጁ ኤ ላይ ገብቶ ቀጥሎ ጂ ይሆናል ማለት ነው። ጋሼ ሁለተኛውን ስምንት ባር ይጨርሱና እጃቸውን ከቤዙ አንገት ላይ ለቀቅ አድርገው ክፍቱን የኤ ገመድ ይመቱታል። ክፍት ገመድ በጣት ከተጫነው ይልቅ ደመቅ ብሎ ይጮኻል፤ ክፍሉ የተቀየረ ይመስላል። እኔ ግን አሁንም ኤ ፍላት ውስጥ ነኝ።

«ልጄ፣ እኔ ሄጃለሁ፤ አንቺ ገና እዚያው ነሽ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ኖታውን እኮ አውቀዋለሁ።»

«ኖታውን ተዪው። መጀመሪያ የእኔን ዝፈኚልኝ።»

የእሳቸውን ማለት የቤዙን መስመር ነው። ለተወሰነ ጊዜ ዜማውን ጨርሶ ተውኩትና እሳቸው የሚመቱትን ሥር ብቻ በ«ዱ» መዝፈን ያዝኩ፤ 32ቱን ባር በሙሉ። ከዚያ ተለዋወጥን፦ እሳቸው ዜማውን በቤዝ፣ እኔ ሥሩን በድምፅ። ቀጥሎ ያለ ምንም መሣሪያ ዜማውን እየዘፈንኩ ብሪጁ መግቢያ ላይ እቆማለሁ፣ እሳቸው ገመዱን ነካ አድርገው ትክክል መሆኔን ያዩልኛል። ይህን ልምምድ በስልክ ላይ በተቀረጸ ቤዝም መሥራት ይቻላል። ቤዝ ተጫዋች ያገኛችሁ ቀን የሁሉንም ዘፈኖች ሥር በዝግታ አስቀርጹና ያዙት፤ ልብስ ስታጥቡም፣ ባጃጅ ውስጥም ከእናንተ ጋር ይሆናል።

ኪይ ስለመምረጥ። ብዙ ሰው ዘፈኑን ከአንድ ታዋቂ ድምፃዊ ይሰማና በእሷ ኪይ ይለማመዳል። ወይም የኖታ መጽሐፍ ላይ እንዳለው ይወስደዋል፤ መጽሐፉ ግን በብዛት ለመሣሪያ የተመቸውን ኪይ ነው የሚጽፈው። ጃዝ የሚዘፍኑ ሴቶች ብዙ ጊዜ ከዚያ ያወርዱታል፤ ከዶ ወደ ታች እስከ ሶ ወይም እስከ ፋ ያለውን ያህል። የእኔ መንገድ ይህ ነው። የዘፈኑን ከፍተኛ ኖታ እፈልጋለሁ፣ እዚያ ኖታ ላይ ያለውን ቃል እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን እንዳልቀሰቅስ ያህል ዝግ አድርጌ እዘፍነዋለሁ። ድምፄ ከተሰነጠቀ ወይም ካነቀኝ ኪዩ ከፍ ብሏል። ከዚያ ዝቅተኛውን ኖታ አያለሁ፤ አየር ብቻ ከሆነ ደግሞ ወርዷል። ሰርግ ላይ ድምፃችንን ከስፒከሩ በላይ ማውጣት ስለለመድን ሁልጊዜ ከፍ ያለውን ኪይ የመምረጥ ዝንባሌ አለን። ለስታንዳርድ፣ በተለይ ለዝግተኛው፣ በምትናገሩበት ድምፅ አካባቢ መሆኑ ይሻላል። ጊታሪስታችሁ ኤ ፍላት አይመቸኝም ቢል ይለማመድ።

ሪትሙ ላይ እኛ ከምናስበው በላይ ታድለናል። ቺክቺካ የተጫወተ ሰው ምትን በሦስት መክፈል በደሙ ውስጥ አለ፤ ስዊንግም የሚቆመው በዚያው ስሜት ላይ ነው። የሚለየው አጽንኦቱ ነው። ጃዝ 2ኛውና 4ኛው ምት ላይ ነው የሚያርፈው። ለዚህ የሚጠቅመው ቀላል መላ ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ሜትሮኖሙን፣ በግማሽ ፍጥነት ማድረግ ነው፤ ዘፈኑ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ 60 ላይ አድርጉና የምትሰሟትን እያንዳንዷን ምት «2» እና «4» ብላችሁ ቁጠሯት። መጀመሪያ ላይ ሳታውቁት ተገልብጣ 1 እና 3 ትሆንባችኋለች። ጋሼ ግን ሜትሮኖም አይወዱም፤ «እኔ ምን ልሠራ መጣሁ ታዲያ?» ይላሉ።

የእንግሊዝኛው ነገርም ከምቱ ጋር ይያያዛል። ሁለት ሦስት ተነባቢ ሲደራረብ እኛ ፊቱ ወይም መሀሉ ላይ ትንሽ «እ» ማስገባት ይቀናናል፤ «ስፕሪንግ» «እስፕሪንግ» ይሆናል። በንግግር ምንም አይደለም፣ በዘፈን ግን አንድ ያልተጻፈ ፊደል ይጨምርና ቃሉን ከምቱ ያዘገየዋል። አነጋገራችሁ የፈረንጅ እንዲሆን አትጨነቁ፤ ያችን ትርፍ ድምፅ ብቻ አውጡ።

ቅላፄን በተመለከተ ክርክር አለ። አንዳንድ ጓደኞቼ የእኛን ቅላፄ ካላስገባሽ ምኑን አበሻ ዘፈነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ስታንዳርድ ላይ ጉሮሮ ማርገብገብ ያስቃል ይላሉ። እኔ ያየሁት፣ ኮርዱ ለሁለት ባር ያህል ሳይቀየር የሚቆይበት ቦታ፣ በተለይ የስምንቱ ባር መጨረሻ ላይ፣ ቅላፄ ውብ ሆኖ ይቀመጣል። ኮርዱ በየሁለት ምቱ የሚቀያየርበት ላይ ግን ድምፃችን ተርገብግቦ ሲመለስ ኮርዱ አልፎ ሄዷል፤ ያረፍንበት ኖታ የትናንቱ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ዜማውን እንደተጻፈ ተማሩት፤ ቅላፄው የት እንደሚገባ ቤዙ ራሱ ያሳያችኋል።

ባንዱን ትንሽ ለማድረግ የደፈርኩት የቀደሙትን ሰምቼ ነው። አሜሪካዊቷ ጁሊ ለንደን እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣችው የመጀመሪያ አልበሟ ጊታርና ቤዝ ብቻ ነው ያጀበው። ሺላ ጆርዳን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዋን ስትቀርጽ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ብቻ ይዛ ነበር፤ ውስጡ ስቲቭ ስዋሎው በቤዝ ብቻ ያጀባት ዘፈን አለ። ያንን ስሰማ ጅማ ላይ ፒያኖ የለም፣ ሳክስፎን የለም ብዬ የማዝንበት ምክንያት ጠፋ። የእኔ አልበም ስምንት ዘፈን ነው፦ ሰባት ስታንዳርድና በራሴ ግጥም የዘፈንኩት አንድ ትዝታ። አጃቢዎቼ ቤዝ፣ ጊታርና በአንዳንዶቹ ላይ ኪቦርድ ናቸው። ድራም የለም። በብሩሽ ዝግ አድርጎ የሚመታ ድራመር በአቅራቢያዬ አላገኘሁም፤ በዱላ የተመታ ዝግተኛ ስታንዳርድ ደግሞ ባይኖር ይሻላል።

ቀረጻው መቼ ይሁን? ይህ ለጅማ ሰው ትልቅ ጥያቄ ነው። ዝናባችን ረጅም ነው፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ክረምት ላይ ማይክ መክፈት ዝናቡን መቅረጽ ነው። ጥር ደርቆ ያምራል፣ ግን ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ አንድም ሙዚቀኛ አታገኙም። እኛ የያዝነው ጾመ ነቢያትን ነው፤ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና። ሰማዩ ይጠራል፣ የክርስቲያን ሰርግ ስለሌለ ባንዱ ሥራ ይፈታል። የሙስሊም ሰርግ ላይ የተያዙ ቀናት ነበሩ፣ እነሱን ዘለልን። በቀን ውስጥ ደግሞ ሰዓቱን በአዛኑና በቅዳሴው አስተካከልን፤ ማለዳውን ለቅዳሴ፣ አመሻሹን ለመግሪብና ለዒሻ ትተን ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ያለውን ወሰድን። በዚያ ሰዓት ባጃጁም ይቀንሳል። ውሻው ብቻ የራሱ ፕሮግራም አለው።

ክፍሉ ፈረንጅ አራዳ ያለ የዘመድ ቤት መኝታ ክፍል ነው። ግድግዳ ላይ የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ብዙ አይረዳም፤ ድምፅ የሚይዘው ወፍራምና ለስላሳ ነገር ነው። ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ ከኋላዬ በማዕዘን አቆምን፣ ከፊቴ ገመድ ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ሰቀልን፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ። አጨብጭቡና ስሙ፤ ጭብጨባው ቀጭን ጭራ ካለው ገና ነው።

ቤዙንና ኪቦርዱን በቀጥታ ሳውንድ ካርድ ውስጥ ስላስገባናቸው ክፍሉ ውስጥ በአየር የሚሰማው የእኔ ድምፅና ጊታሩ ብቻ ነበር፤ ጊታሪስቱን ኮሪደር ላይ አስቀምጠን በሩን ገርበብ አደረግነው። ሁላችንም በጆሮ ማዳመጫ እየተሰማማን በአንድ ጊዜ ተጫወትን። በጆሮ ማዳመጫ ምት በሚቆጥር ድምፅ፣ በክሊክ ትራክ፣ አልሠራንም። ዝግተኛ ዘፈን ላይ የመስመሩ መጨረሻ ትንሽ ሲቆይ ባንዱ አብሮ ካልጠበቀ ግጥሙ ይሞታል።

ማይኩ ኮንደንሰር፣ ማለትም ትንሿን ድምፅ እንኳ የሚይዝ ዓይነት ነው፤ ከአፌ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ዞር አድርጌ። በጣም ስትጠጉት ወፍራሙ ድምፅ ይበዛል፤ ለአንድ ሁለት ቃል ያምራል፣ ለሙሉ ዘፈን ያደክማል። ክፍላችሁ የሚያስተጋባ ከሆነና ምንም ማድረግ ካልቻላችሁ ኮንደንሰሩን ተዉትና መድረክ ላይ የምትይዙትን ዓይነት ዳይናሚክ ማይክ ተጠቀሙ፤ ክፍሉን የሚሰማው ያንሳል። ለ«ፕ» እና ለ«ብ» ትንፋሽ በሽቦ ክብ ላይ የተወጠረ የሴት ስቶኪንግ ይበቃል። ድምፁ ሲገባ ከፍተኛው ቦታ ላይ እንኳ ከዜሮ (ከመቅረጫው ጣሪያ) በታች 10 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፤ በ24 ቢት ስለምትቀርጹ ዝቅ ማለቱ አይጎዳም፣ ጣሪያ መንካቱ ግን አይጠገንም።

መብራት ሲጠፋ የባሰ ይመስለን ነበር፣ ግን በላፕቶፑ ባትሪ ስንቀርጽ ከመሥመሩ ይመጣ የነበረው ሁምታ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሆን ብለን ቻርጀሩን እየነቀልን ቀረጽን። ኮንደንሰር ማይክ የሚፈልገው 48 ቮልት ከዚያው ባትሪ ስለሚወጣ ቶሎ ያልቃል፤ በየዘፈኑ መሀል ቻርጅ አድርጉ።

ከቀረጻው በፊት ግን ወረቀት። ኒና ሲሞን የመጀመሪያ አልበሟን መብት በ3,000 ዶላር ሸጣ በኋላ ብዙ ገንዘብ እንዳመለጣት ራሷ ተናግራለች። የእኛ ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ጠቡ ግን ያው ነው። ማን የአንድ ጊዜ ክፍያ እንደሚወስድ፣ ማን ከገቢው ድርሻ እንዳለው፣ ቀረጻው የማን እንደሆነ አንድ ገጽ ላይ ጽፈን ፈረምን። ጋሼ አንድ መስመር አስጨመሩ፦ ቤዙ ሚክስ ላይ ያለ እሳቸው ፈቃድ እንዳይቀነስ። ሳቅን፣ ጻፍነውም።

ያችው መስመር ሥራ ላይ ዋለች። አዲስ አበባ ላይ ሚክስ ያደረገልን ባለሙያ በመጀመሪያው ዙር የላከልን እንደ ማንኛውም የሰሞኑ ዘፈን ነበር፦ ድምፄ ከፊት፣ ኤኮ ሞልቶ፣ ኖታ በሚያቃናው ሶፍትዌር፣ በኦቶቲዩን፣ ነካ ተደርጎ፣ ቤዙ ከሥር ተቀብሮ። ክፉ አልሠራም፤ የለመደውን ነው የሠራው። ስለዚህ ለሚክስ ስትልኩ እንዲመሳሰልላችሁ የምትፈልጉትን ድምፅ አብራችሁ ላኩ፣ ኦቶቲዩን እንዳይነካ በጽሑፍ ንገሩ፣ ኤኮ ያለውንና ኤኮ የሌለውን ለየብቻ አስልካችሁ አወዳድሩ። ከሚክስ በኋላ ባለው የመጨረሻ ማስተካከያ፣ ማስተሪንግ ላይም፣ ከልክ በላይ ማስጮህ ትርፍ የለውም፤ ስፖቲፋይን የመሳሰሉት የጮኸውን ከዜሮ በታች ወደ 14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ) አካባቢ ያወርዱታል፣ የጠፋው ዝግታ ግን አይመለስም።

መብቱን በአጭሩ። በአሜሪካ ሕግ አንድ ጊዜ ተቀርጾ የወጣን ዘፈን ሌላ ሰው የተወሰነውን ክፍያ ከፍሎ እንደገና መቅረጽ ይችላል፤ ደራሲውን ማስፈቀድ የለበትም። ዲስትሮኪድን የመሳሰሉ አከፋፋዮች ዘፈኑ ከቨር (የሌላ ሰው ዘፈን እንደገና የተቀረጸ) ነው ብላችሁ ስትሞሉ በየዓመቱ በሚከፈል ገንዘብ ፈቃዱን ያወጡላችኋል። ካርዱ ያስቸግራል፤ ውጭ ያለ ዘመድ ያስፈልጋል። ይህ ፈቃድ ግን ግጥሙን ለመቀየርም ሆነ ለመተርጎም አይሆንም። አንዱን ዘፈን መሀል ላይ በአማርኛ ልለው አስቤ የተውኩት ለዚህ ነው፤ ትርጉም የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከቪዲዮ ጋር ማቀናጀትም ሌላ ፈቃድ ነው።

«አሮጌ ስለሆነ ነፃ ነው» የሚለውን አትመኑ። አሜሪካ ውስጥ የዚያ ዘመን ዜማ ከታተመ በኋላ 95 ዓመት ይጠበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1930 የታተሙት፣ «ቦዲ ኤንድ ሶውል»ን ጨምሮ፣ በ2026 መጀመሪያ ነፃ ሆነዋል። ግን የዜማው ደራሲ ጆኒ ግሪን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1989 ስለሆነ ከሞት በኋላ 70 ዓመት በሚቆጥሩት የአውሮፓ አገሮች ገና ብዙ ሊቀረው ይችላል። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። የቆየ የአማርኛ ዘፈን ልታስገቡ ካሰባችሁም ገጣሚው አንድ፣ የዜማ ደራሲው ሌላ፣ ዘፋኙ ሦስተኛ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዘፋኙ ፈቀደልኝ ማለት አይበቃም።

ዩቲዩብ ላይ የክሌም መልእክት ሲመጣ የሚደነግጡ አሉ። ክሌም ብዙ ጊዜ ገቢው ለባለመብቱ ይሄዳል ማለት እንጂ ቻናሉ ይዘጋል ማለት አይደለም፤ ስታንዳርዶቹ ላይ ከመጣ ተዉት። እኔ ላይ የመጣው ግን፣ ታምናላችሁ፣ ትዝታው ላይ ነው፤ አንድ የማላውቀው ሰው ዜማው የእኔ ነው አለ። ዜማው የሕዝብ፣ ግጥሙ የራሴ፣ ቀረጻው የእኛ መሆኑን ጽፌ ተቃውሞ አስገባሁ፤ ተነሣልኝ።